የሞኝ ሹፌር ውዳሴ

ከጎንደር ወደ ሳንጃ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁሉም የሚያውቀው ሞኝ አለ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳል። ኩርባ ላይ ደርቦ አያልፍም። ሲኖትራክ መሀል መንገዱን ይዞ ሲመጣበት «እስቲ ማን ይፈራል» ብሎ አይገጥምም፤ ዳር ይዞ ያሳልፈዋል። መናኸሪያ ውስጥ «ሁለት ሰው ብቻ ጨምር» ሲሉት «ሞልቷል» ይላል። ረዳቱ ያፍርበታል፣ ተሳፋሪው ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል፣ የሙያ ባልደረቦቹ ክላክስ እያስጮኹ ያልፉታል። ሳንጃ ሲገባ እነሱ ቡናቸውን ጠጥተው፣ በእሱም ስቀው ጨርሰዋል።

እኔ የተነሣሁት ይህን ሰው ለማወደስ ነው። ሞኝ የምለው መንገዱ ያወጣለት ስም ይኸው ስለሆነ ነው፤ ምስጋናው ግን የእኔ ነው፣ ከልቤም ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው፦ ሰው በመኪና ተሳፍሮ በሕይወት እንዲደርስ ያደረጉት ደፋር የተባሉት አይደሉም፤ ሞኝና ፈሪ የተባሉት ናቸው። ምስክር የምጠራው ፍጥነትን እንጀራው ካደረገው ዓለም፣ ከፎርሙላ ዋን ነው። እዚያም ቢሆን ታሪኩን የሠሩት ሞኞቹ ናቸውና። (ዓመታቱም ቀኖቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ሞኝ የሚጠይቀው ነው። ስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቴዋርት በ1966 በቤልጅየም ስፓ ሲወዳደር ገና በመጀመሪያው ዙር ዝናብ ያዛቸው። መኪናው ከመንገድ ወጥታ ተጨፈለቀች። መሪው እግሩን ይዞት፣ ነዳጅ ልብሱን አርሶት፣ 25 ደቂቃ ያህል እዚያው ተቀርቅሮ ቆየ። የነፍስ አድን ሠራተኛ የሚባል አልነበረም። ያወጡት ራሳቸውም ከመንገድ የወጡት ተወዳዳሪዎች ግራሃም ሂልና ቦብ ቦንዱራንት ናቸው፤ መሪውን የፈቱበትን መፍቻ እንኳን ከተመልካች ነው የተዋሱት። ከዚያ ቀን በኋላ ስቴዋርት መፍቻ መኪናው ውስጥ ይዞ መወዳደር ጀመረ። ከዚያም መጠየቅ ጀመረ፦ ቀበቶ የት አለ? ሐኪሙ የት ነው? ከመንገዱ ዳር ያለው ዛፍ ለምን አልተከለለም?

መልሱ ስድብ ነበር። ውድድሩ ለዛውን ያጣል፣ ሞትን የፈራ መሪ አይያዝ፣ ይህ ሰው ስፖርቱን ሊያጠፋው ነው ተባለ። ስሙ የገነነ የስፖርቱ ጋዜጠኛ ዴኒስ ጄንኪንሰን ሳይቀር በጽሑፍ ተቸው። በ1969 ተወዳዳሪዎቹ ስፓ ካልተስተካከለ አንወዳደርም ስላሉ የዚያ ዓመት የቤልጅየም ውድድር ቀረ። ፈሪ የተባለው ሰው ግን በ1969፣ በ1971 እና በ1973 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ 27 ውድድሮችን አሸነፈ። ስለዚህ ጥያቄው የመጣው መንዳት ካቃተው ሰው አልነበረም። ከማንም በላይ ፍጥነትን የሚያውቀው ሰው ነው ከማንም በላይ የጠየቀው።

በእኛ መንገድ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት እናቶች ናቸው። ከኋላ ወንበር «ልጄ፣ ኧረ ቀስ በል» የሚል ድምፅ ይመጣል። መልሱም የታወቀ ነው፦ «እማማ፣ አይፍሩ፤ መንገዱን እናውቀዋለን።» ተሳፋሪው ይስቃል። እኚህ እናት መኪና ነድተው አያውቁ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚጠይቁት የሦስት ጊዜ ሻምፒዮኑ የጠየቀውን ነው። ተሳፋሪው መሳቁን ትቶ «እውነታቸውን ነው» ቢል፣ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያነሣል። አንድ ሰው ብቻውን ሲጠይቅ ሞኝ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰው አብሮ ሲጠይቅ ግን ሕግ ይሆናል።

ሁለተኛው ሞኝ መኪናውን የሚሠራው ነው። በ1981 ዲዛይነሩ ጆን ባርናርድ የማክላረንን መኪና አካል ከካርቦን ፋይበር ሠራው። ጨርቅ የሚመስል ነገር ተደራርቦና ተጣብቆ ብረትን ይተካል ሲባል ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ ሲጋጭ ዱቄት ይሆናል ብለው የፈሩ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጆን ዋትሰን በሞንዛ በከባድ ፍጥነት ተጋጨ፤ መኪናዋ ከሁለት ተከፈለች፤ እሱ ግን ወጥቶ በእግሩ ሄደ። ዛሬ በካርቦን ፋይበር ያልተሠራ የፎርሙላ ዋን መኪና የለም።

የቀበቶውም ታሪክ እንዲሁ ነው። ዮኸን ሪንት በ1970 በሞንዛ ሲለማመድ በእግሮቹ መካከል የሚያልፈውን ቀበቶ አላሰረም ነበር። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም፤ እሳት ቢነሣ ፈጥኖ ለመውጣት ነው። መኪናው ሲጋጭ ሰውነቱ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ ያሰረው የቀበቶ ማያያዣ ጉሮሮውን ጎዳውና ሞተ። ያን ዓመት የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ከሞቱ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ የማነሣው የሪንት ምክንያት በእኛም ጋቢና ውስጥ በየቀኑ ስለሚሰማ ነው፦ «ከታሰርኩ ገደል ብንገባ እንዴት እወጣለሁ?» መልሱ ከሞንዛ መጥቷል። ያልታሰረ ሰው በራሱ ለመውጣት ዕድል የሚያገኘው ግጭቱን በጤና ካለፈ ብቻ ነው፤ ግጭቱን በጤና የሚያሳልፈው ደግሞ ቀበቶው ነው።

በአገራችን የመኪና ዲዛይን ክርክር ሊነሣ የሚገባው በቅጥቅጡ አውቶቡስ ላይ ነው። ቅጥቅጥ ከታች የኢሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ነው፤ ከላይ ያለውን ቦዲ በየጋራዡ በብየዳ ይሠሩለታል። ባለሀብቱ ስለ ቀለሙ፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ ቴፑ ድምፅ ይጨነቃል። የወንበሩ ብሎን ከምን ጋር እንደታሰረ፣ ጣሪያው ሲገለበጥ ምን ያህል እንደሚችል፣ ፖርቶ መጋላው ላይ የተቆለለው ጭነት ሚዛኑን ምን ያህል እንደሚያነሣው የሚጠይቅ ብየዳ ሠራተኛ ካለ፣ ሥራ የሚያጓትት ሞኝ ነው። እኔ ያንን ብየዳ ሠራተኛ ባርናርድ ከቆመበት ቦታ ላይ አቆመዋለሁ። ወንበሩን ከወለሉ ላይ ብቻ ሳይሆን ከሻንሲው ብረት ጋር ለሚያስር ሰው፣ ስማቸውን የማያውቃቸው ብዙ ሰዎች ዕዳ አለባቸው።

ሦስተኛው ሞኝ የሚያቆመው ነው። ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ በነሐሴ 1 ቀን 1976 በጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ ተቃጠለ። ከውድድሩ በፊት መንገዱ አደገኛ ነውና አንወዳደር ብሎ ነበር፤ ድምፅ ተሰጥቶ ተሸነፈ። ከእሳቱ ያወጡት አብረውት የሚወዳደሩት ናቸው። በስድስት ሳምንቱ፣ ቁስሉ ሳይደርቅ፣ ሞንዛ ተመልሶ አራተኛ ወጣ። ይህን ሁሉም ጀግንነት ይለዋል፣ ነውም። የእኔ ውዳሴ ግን ከዚያ በኋላ ለሠራው ነው። በጥቅምት 24 ቀን በጃፓን ፉጂ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ሲደረግ ላውዳ ተፎካካሪውን ጄምስ ሀንትን በሦስት ነጥብ ይመራ ነበር። ዝናቡ ዓይን የሚያሳይ አልነበረም። ሁለት ዙር ነድቶ መኪናውን መለሰና ወረደ። ቡድኑ ፌራሪ ሞተሩ ተበላሸ እንበል ቢለው አልተቀበለም። ሀንት ሦስተኛ ወጣ፤ ዋንጫውንም በአንድ ነጥብ ብልጫ፣ 69 ለ68፣ ወሰደ።

በዚያ ምሽት ላውዳ በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ ሞኝ ነበር፤ ዋንጫ በእጁ ይዞ የጣለ ሰው። በቀጣዩ ዓመት ግን ሻምፒዮን ሆነ፣ በ1984ም ደገመው። በዚህኛው አላን ፕሮስትን የበለጠው በግማሽ ነጥብ ነው። ማቆም የሚችል ሰው ነገ የሚነዳበት ቀን ይኖረዋል፤ የላውዳ ሂሳብ ይኸው ነው።

ሳንጃ ባለችበት አርማጭሆ ላይ ስለ ፈሪነት መናገር ቀላል አይደለም። አገሩ የአርበኛ አገር ነው፤ የሳንጃ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚሰማው የጀግና ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ የአርበኛው ጀግንነት ምን ነበር? መድፍና አውሮፕላን ያለውን የጣሊያን ጦር ሜዳ ላይ ወጥቶ አልገጠመውም። ተሸሸገ፣ አድፍጦ ጠበቀ፣ ቀኑ የእሱ ካልሆነ ወደ ቆላው ወረደ፣ በሚመቸው ቀን ተመለሰ። ማፈግፈግን የማያውቅ አርበኛ አምስቱን ዓመት አልቆየም። እንግዲህ ጭጋግ ሲወርድ መብራቱን አብርቶ ዳር የሚቆመው ሹፌር፣ ጎማው ሲሳሳ «ዛሬ አልወጣም» የሚለው ሹፌር፣ የአያቶቹን ሙያ ነው የያዘው። በእነሱ ፊት የሚያፍርበት ምንም ነገር የለም።

አራተኛው ሞኝ ለሌላው ሰው የሚቆመው ነው። ሐምሌ 29 ቀን 1973 በሆላንድ ዛንድቮርት የሮጀር ዊልያምሰን መኪና ተገልብጣ በእሳት ተያያዘች። እንግሊዛዊው ዴቪድ ፐርሊ ይህን ሲያይ መኪናውን አቆመ፤ በውድድር መሀል፣ ሌሎቹ እየበረሩ በሚያልፉበት መንገድ ላይ አቋርጦ ሮጠ። መኪናዋን ብቻውን ሊያቃናት ታገለ። በአካባቢው የነበሩት ሠራተኞች እሳት የሚችል ልብስ ስላልነበራቸው አልቀረቡም። ማጥፊያውን ነጥቆ ረጨ፤ አልበቃም። ውድድሩ አልቆመም። የሚያልፉት ተወዳዳሪዎች ብዙዎቹ የቃጠሎው ባለቤት ራሱ ፐርሊ ነው፣ ወጥቷል ብለው አሰቡ። ዊልያምሰን እዚያው ሞተ። ፐርሊ በኋላ የጆርጅ ሜዳይ ተሸለመ፤ ያን ቀን ያገኘው ነጥብ ግን አልነበረም።

ለሰው መቆም የሚያስከፍለውን ያወቀ ሌላም አለ። አየርተን ሴና በ1992 በስፓ ልምምድ ላይ ኤሪክ ኮማስ ተጋጭቶ ራሱን እንደሳተ ሲያይ መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ ሮጠ፤ የኮማስን ሞተር አጠፋ፣ ራሱን ደግፎ ያዘ። ይህ ያው በ1990 በጃፓን ሱዙካ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ፕሮስትን ሆን ብሎ የገጨው ሴና ነው። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። ደጋፊው የትኛውን ሴና ሲያደንቅ እንደሚውል ግን ይለያያል። ስለ ሱዙካ የሚወራው አያልቅም፤ ስለ ኮማስ የሚያወራው ጥቂት ነው።

ወሬው ወደዚህ ከመጣ ስለ ነጂዎቹ እንቅስቃሴ ልናገር። ደጋፊዎች እርስ በርስ የሚጣሉት በአብዛኛው በዚህ ነው፦ ቦታ ሰጥቷል ወይስ ዘግቷል? ሚካኤል ሹማከር በ1997 በስፔን ኼሬዝ ዣክ ቪልነቭ ሲደርበው መሪውን ወደ እሱ አዞረ፤ ራሱ ጠጠር ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ከዓመቱ የደረጃ ሰንጠረዥ አስወጣው። ማክስ ቨርስታፐን በ2016 ፍሬን እየያዘ መስመር ሲቀይር ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች አቤት አሉ፤ ፌዴሬሽኑም ከልካይ ማብራሪያ አወጣ። ያን ጊዜም «ውድድሩን አለሰለሱት» የሚል ጩኸት ነበር። የክርክሩ ፍሬ ነገር ግን ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ኩርባ ሲገቡ አንደኛው እግሩን ካላነሣ ሁለቱም አይወጡም። እግሩን የሚያነሣው ሰው የሁለት ሰው ነፍስ ያተርፋል፤ ስም የሚያወጣው ግን ያላነሣው ነው።

ሊማሊሞን የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው፣ ጣሊያን የቆረጠው ያ መንገድ፣ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው ገደል ነው። ኩርባው ላይ ሁለት መኪና ሲገናኝ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ወደ ኋላ የሚመለሰው ሹፌር ዘወትር ያው ሰው ነው። ሌላው ሹፌር አውቆታል፤ «እሱ ይመለሳል» ብሎ ይገባል። ስለዚህ የደፋሩ ሹፌር ድፍረት ሁሉ የሚኖረው በሞኙ ትዕግሥት ላይ ነው። ሁለት ደፋሮች የተገናኙበት ኩርባ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት ከገደሉ ሥር ያሉት ገበሬዎች ናቸው።

አምስተኛው ሞኝ ሐሳቡን የሚቀይረው ነው፤ ደጋፊ ሊማርበት የሚገባውም እሱ ነው። በ2018 በእያንዳንዱ የፎርሙላ ዋን መኪና ላይ ሄይሎ የሚባል ቅስት እንዲገጠም ግዴታ ሆነ። ከነጂው ራስ በላይ የሚያልፍ የታይታኒየም ብረት ነው፤ ክብደቱ ከ10 ኪሎ በታች ሆኖ ከ10 ቶን በላይ ይሸከማል። ደጋፊው አስቀያሚ ነው አለ፤ የነጂውን ፊት ይሸፍናል፣ ክፍት መኪና መሆኑ ቀረ አለ። የመርሴዲስ አለቃ ቶቶ ቮልፍ በመጋዝ ቢቆርጠው እንደሚመርጥ ተናገረ። ፉጂ ላይ የወረደው ላውዳ እንኳን ተቃወመው። ፈረንሳዊው ሮማን ግሮዣንም ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ነበር።

ኅዳር 29 ቀን 2020 በባሕሬን የግሮዣን መኪና የብረቱን አጥር ቀድዳ ገባች፤ ከሁለት ተሰበረች፤ ነደደች። የአጥሩ ብረት የግሮዣንን ራስ እንዳይመታ የከለከለው ሄይሎ ነው። ግማሽ ደቂቃ ያህል እሳቱ ውስጥ ቆየ፤ ከዚያም ራሱ ወጣ። በመጀመሪያው ዙር ከኋላ የሚከተለው የሐኪም መኪና በሴኮንዶች ውስጥ ደርሶ ነበር፤ እሱም በ1978 ፕሮፌሰር ሲድ ዋትኪንስ የተባሉት የነርቭ ቀዶ ሐኪም ወደ ስፖርቱ ከመጡ በኋላ የጸና ልማድ ነው። ግሮዣን እጆቹ በፋሻ እንደተጠቀለሉ ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሄይሎን ይቃወም እንደነበር፣ አሁን ግን ያለ እሱ ሊናገር እንደማይችል ለዓለም ነገረ። በሚቀጥለው ዓመት በሞንዛ የቨርስታፐን ጎማ በሉዊስ ሃሚልተን ራስ ላይ ወጣ፤ ያንንም የተሸከመው ሄይሎ ነው። ዛሬ ስለ መልኩ የሚከራከር ደጋፊ ማግኘት ያስቸግራል።

በእነዚህ ሞኞች ሥራ የተነሣ፣ ሴና በ1994 ኢሞላ ላይ ከሞተ በኋላ በፎርሙላ ዋን ውድድር ላይ በደረሰበት አደጋ ሕይወቱ ያለፈ ነጂ አንድ ብቻ ነው፤ በ2014 ሱዙካ ላይ የተጎዳው ዡል ቢያንኪ። እነዚህ ሰዎች በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው መካከል በዓመት 26.7 ያህሉን መንገድ እንደሚወስድ ገምቷል፤ ያውም ሚኒባስና ጭነት መኪና በሚሄድበት ፍጥነት።

ሳንጃ ቆላ ናት፤ ጎንደር ወይና ደጋ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የሚያስተናግደው ጉልበት ከውድድር ሜዳው አያንስም። ማንኛውም መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ሲወርድ፣ ፍሬን፣ ሞተርና አየር ባይዙት ኖሮ፣ ከታች ሲደርስ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥን ነበር። ይህ ከማንኛውም የፎርሙላ ዋን መኪና ይበልጣል። ያን ጉልበት አንድ ነገር መዋጥ አለበት። ፍሬኑ ብቻውን ሲውጠው ይግላል፣ ሸራው መያዝ ይተዋል፣ የፍሬኑ ዘይት ይፈላል፤ ያን ጊዜ ነው «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ የሚወርደው ሹፌር ጉልበቱን ሞተሩ እንዲውጠው ያደርጋል፤ ፍሬኑን ለሚያስፈልገው ቅጽበት ያቆየዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚወርደው ደግሞ ሰሊጥ የጫነውን መኪና በሙሉ በአንድ ፔዳል ላይ ሰቅሎታል። ጭነቱ ሲጨምር የሚዋጠው ጉልበት በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ለማቆም የሚዋጠው አራት እጥፍ ይሆናል። «ሞልቷል» የሚለውና ማርሽ የሚቀንሰው ሞኝ ይህን ሒሳብ በእግሩ ያውቀዋል።

ፎርሙላ ዋን ግን ሞኞቹን ብቻቸውን አልተዋቸውም። ተወዳዳሪዎቹ በ1961 ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ሴናም ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሰዓታት ተዳክሞ የቀረውን ያን ማኅበር መልሶ ስለ ማቆም ከባልደረቦቹ ጋር ይነጋገር ነበር፤ በዚያው ወር እንደገና ተቋቋመ። የስቴዋርት ልመና ደንብ ሆነ። ዛሬ ቀበቶ ማሰር የነጂው ጠባይ ጉዳይ አይደለም፤ ያላሰረ አይነሣም። በ2021 ስፓ ላይ ዝናቡ አላቆም ሲል ከፊት እየመራ ከሚያዘገየው የደኅንነት መኪና ኋላ ጥቂት ዙር ብቻ ተዞረና የነጥቡ ግማሽ ተሰጠ። ጭቃ ውስጥ ቆሞ የዋለው ደጋፊ ገንዘቤን መልሱልኝ ማለቱ ተገቢ ነው፤ መወዳደር ነበረባቸው ማለቱ ግን ተገቢ አይደለም። በዚያው ሜዳ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በፎርሙላ ቱ ውድድር አንትዋን ዩቤር የተባለ የ22 ዓመት ወጣት ሞቷል።

የእኛ ሞኝ እስካሁን ያለው በጠባዩ ብቻ ነው። ባለ መኪናው የሚከፍለው በምልልስ ነው፤ ሁለት ጊዜ የተመላለሰው ከአንድ ጊዜ ከሄደው የበለጠ ይዞ ቤቱ ይገባል። ተሳፋሪው ፈጣኑን መርጦ ይሳፈራል። እንዲህ እያደረግን ጥንቁቅ ሹፌር እንዲበዛልን መመኘት ራሳችንን ማታለል ነው። ባለ መኪና ሆይ፣ ሹፌርህን በምልልስ ሳይሆን በደመወዝ ክፈለው። የባለንብረት ማኅበራትም ዓመቱን ያለ አደጋ የፈጸመውን ሹፌር በስብሰባ ፊት አቁመው ይሸልሙት። መናኸሪያው መኪና ከመውጣቱ በፊት የቀበቶውን፣ የጎማውንና የሰው ቁጥሩን ፍተሻ ያድርግ፤ ያልሞላ አይውጣ ከማለት ይልቅ ከልኩ ያለፈ አይውጣ ይበል። ተሳፋሪም «ቀስ በል» ያሉትን እናት ብቻቸውን አይተዋቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሞኙ ሹፌር ሞኝ መባሉ ይቀርና ሹፌር ብቻ ይባላል፤ የሚገባውም ስም ይኸው ነው።